በሦስተኛው ክፍል ያለችው ሴት

ጥቅምት 6

ለእህቴ ልጅ፣ ለጭራሮዬ፤

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ በደህና አካል፣ በሞቀ ክፍልና በጠገበ ሆድ ያግኝሽ። ፈጣሪ ዓይንሽን ከዚያ ስክሪን ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው፤ ደረጃ ሲያይ ይናደዳል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ መጀመሪያ ስቀሽ ጨርሺና ከዚያ መልሺልኝ። ጌም የሚሠራው እንዴት ነው?

ጨረስሽ? እንግዲያው ምክንያቱን ስሚ። ከማዋለጃ ክፍል ወጥቼ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ተማሪዎቼ መጽሐፉን እንደ ውሃ ይጠጡታል። የምጥ ደረጃዎችን ብትጠይቂያቸው ሳይተነፍሱ ይወርዱልሻል። ማዋለጃ ክፍል ስታስገቢያቸው ግን እንደ እንጨት ድርቅ ይላሉ። ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት አንዷን፣ ግራኟ የምንላትን፣ ስልኳ ላይ አጎንብሳ አገኘኋት። ስልኩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሰው ገደል ትዘላለች፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ትነሣለች። ከኋላዋ ቆሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ ጊዜ ወደቀች። ይህቺ ልጅ በመለማመጃው የላስቲክ አሻንጉሊት ላይ አንዴ ስትሳሳት ሁለት ቀን ከሰው ጋር የማታወራ ናት። እዚያ ግን ሠላሳ አንዴ ሞታ ትስቃለች። እንዴት አላፈርሽም አልኳት።

“እትዬ፣ እዚህ እኮ እንደገና መጀመር ይቻላል” አለችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ምጥ ላይ ያለች ሴትን የሚንከባከቡበት፣ ሠላሳ አንዴ ቢሳሳቱ ማንም የማይጎዳበት ጌም ቢኖርስ? ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ነው፤ የምጽፈው በሁለት ጣት ነው። የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ሠራተኛ፣ ኬብል እያልን የምንጠራው፣ ጥግ ላይ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ፈቅዶልኛል። ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ከየት ይጀመራል? ምን መግዛት አለብኝ? ስንት ጊዜ ይፈጃል? ዘመድ ሁሉ “እሷማ ጌም ትሠራለች” ነው የሚለው፤ ታዲያ ከአንቺ ሌላ ማንን ልጠይቅ?

በእጄ ካልጻፍኩ ልቤ አይፈታም። ስለዚህ ኬብል ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። አንቺም እንደዚያው አድርጊ፤ የእጅሽን ጽሕፈት ልየው።

አክስትሽ


ጥቅምት 19

ለውድ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ከጉልበትዎ ቀድሞ ደረጃውን ይውጣልዎ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው፤ ስስቅ አጠገቤ የሚሠራው ጎረቤቴ ማዳመጫውን አውልቆ ዞሮ አየኝ። በእርስዎ አይደለም የሳቅኩት፤ በደስታ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። እኔ ጌም አልሠራም። ሌሎች የሠሩትን እፈትናለሁ። አሥራ ስድስት ሰዎች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እንገፋለን። በር የሌለበት ቦታ ለመግባት፣ የማይዘለለውን ለመዝለል እንሞክራለን፤ የሆነ ነገር ሲበላሽ እንጽፋለን። ዘመድ ሲያወራው ያምራልና ዝም ብዬ ነበር። ለእርስዎ ግን መዋሸት አልፈለግኩም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ምንም አይግዙ። በነፃ የሚገኝ መሥሪያ ፕሮግራም አለ፤ ስሙን በጀርባው ጽፌያለሁ፣ ኬብል ይጫንልዎ። ከዚያ በፊት ግን ኮምፒውተሩን ዘግተው ወረቀት ያውጡ። አንድ ክፍል ይሳሉ። አንዲት ሴት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ውሳኔ። ተጫዋቿ ልክ ስትሆን ምን ይሆናል፣ ስትሳሳት ምን ይሆናል፤ ይኸው ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ አንድ ነው፦ ከተማ ሙሉ ልሥራ ብሎ ተነሥቶ አንድ በር ሳይጨርስ ይተወዋል። እርስዎ ትንሽ ነገር ይጀምሩና ይጨርሱት። ያለቀ ትንሽ ጌም ካልተጀመረ ትልቅ ጌም ይሻላል።

የምኖረው አሁንም ልብስ እጥበት ቤቱ ላይ ባለው ክፍል ነው። እንፋሎቱ በወለሉ ስንጥቅ ይገባና ነፃ ማሞቂያ ይሆነኛል።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 8

ለጭራሮዬ፤

በወጣሽበት ሁሉ መንገዱ ይቅናልሽ። እውነቱን ስለነገርሽኝ ተመስገን ብያለሁ። ደግሞስ ፈታኝ ከሠሪ ያንሳል ያለሽ ማነው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ፈጣሪ የሠራውን ተቀብሎ ጣትና እግር መቁጠር ነው።

ወረቀቱን ስዬ ጨርሻለሁ። የመጀመሪያው ክፍል እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ምጥ ላይ ናት፤ መግፋት ያምራታል፤ ግን ጊዜው ገና ነው። ተማሪዋ “ግፊ” ካለቻት ሴትዮዋ ትደክማለች። “ትንሽ ተራመጂ፣ ውሃ ጠጪ” ካለቻት ኃይሏን ትቆጥባለች።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ጋ ሄድኩ። ልጄ፣ ጉድ ነው። ሴትዮዋን አልጋው አጠገብ አቆምኳት፤ ማስጀመሪያውን ስነካው ወለሉን አልፋ ወደ ታች ወረደች። እስካሁንም እየወረደች ይመስለኛል፣ ዘጠኝ ወር የገባች ነፍሰ ጡር። በማግስቱ አልጋው ላይ አስደግፌ ባቆማት ደግሞ አልጋው ጣሪያ ላይ ወጣ። ኬብልን ብጠራው “እኔ የማውቀው ገመዱን ነው፤ በገመዱ ውስጥ የሚሄደውን አላውቅም” አለኝ። ወለሉ እያለ ለምን ትወርዳለች? በዓይኔ አየዋለሁ እኮ።

ሌላው የገረመኝ ስም ያለው ሳጥን ነው። “ድካም” ብዬ ሰይሜ በውስጡ ዜሮ አስቀመጥኩ። ሴትዮዋ በገፋች ቁጥር አንድ ይጨመርበታል። የሰው ድካም በአንድ ሳጥን ቁጥር ይያዛል ብሎ ማን ያስብ ነበር? ግን ያዘው። አምስት ሲደርስ ሴትዮዋ ተኛች። እጄን አጨበጨብኩ።

 ይልቅ የወለሉን ነገር ፍቺልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 15

ለአክስቴ፤

ጤናና ትዕግሥት አብረው ይግቡልዎ፤ ትዕግሥቱ ለዚህ ሥራ ይበልጥ ያስፈልግዎታል።

ወለሉ የወለል ሥዕል ነው እንጂ ወለል አይደለም። ጠንካራ መሆኑን ማንም አልነገረውም። ኮምፒውተር ሞኝ አይደለም፤ ከልክ በላይ ታዛዥ ነው። ያላሉትን አያደርግም፣ ያሉትን ግን ስህተትም ቢሆን ያደርጋል። ወለሉን ይምረጡና “ጠጣር” የሚለውን ምልክት ያድርጉበት፤ ሴትዮዋና አልጋው ምልክቱ ሳይኖራቸው አይቀርም። አልጋው የወጣው ሁለቱ ጠጣሮች አንድ ቦታ ላይ ተደራርበው ስለተገፋፉ ነው። ትንሽ ያራርቋቸው።

በነገራችን ላይ አባባ በስልክ ሲያወራ “አንቺን ራሷ አክስትሽ ናት በእጇ የተቀበለችሽ” አለኝ። እውነት ነው? ነግረውኝ አያውቁም። እዚህ የምሞላው አንድ ቅጽ የተወለድኩበትን ሰዓት ይጠይቃል፤ አባባ አያስታውስም። በስንት ሰዓት ነው የተወለድኩት?

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 20

ለጭራሮዬ፤

ሰላምሽ ይብዛ። የዘገየሁት የተማሪዎች ፈተና ስለነበረ ነው።

ወለሉ ጠጠረ። ሴትዮዋም ቆመች። ያን ቀን የተሰማኝን ብነግርሽ ሕፃን እንኳ ሲቆም እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የመጀመሪያው ክፍል አልቋል፤ ሁለተኛውም፣ ሲወለድ ያላለቀሰውን ሕፃን ማነቃቃት፣ ሊያልቅ ነው።

ለስድስት ተማሪዎች አስሞከርኩት። አንድ ነገር ተምሬበታለሁ። ሁለት ገጽ ሙሉ መመሪያ ጽፌ ነበር፤ አንዷም አላነበበችውም። ግራኟ ሳታየው ክሊክ አድርጋ አለፈችው። ከኋላዋ ቆሜ “አይ፣ እዚያ አይደለም፣ ውሃውን ስጫት” እላለሁ፤ እሷ የምለውን ታደርጋለች። ከዚያ ሳስበው፣ ተራ ሲደርሳት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ከኋላዋ ማን ሊቆምላት ነው? አፌን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። አምስት ጊዜ ተሳሳተች። በስድስተኛው ማንም ሳይነግራት አወቀችው። መመሪያውን አጠፋሁት። በምትኩ ሴትዮዋ ውሃ ሲጠማት ከንፈሯን እንድትልስ አደረግኩ። ይኸው በቂ ሆነ።

አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ። አንድ ቁጥር ተጫዋቿ ሳታየው ቀስ እያለ፣ ትንሽ ትንሽ እያለ እንዲቀንስ እንዴት ይደረጋል? ማንም ምንም ባይነካም በራሱ የሚቀንስ።

አክስትሽ


ጥር 2

ለአክስቴ፤

ዓመቱ በሙሉ ለእርስዎ የተቃና ይሁን። ከንፈሯን እንድትልስ ማድረግዎን ለጎረቤቴ ነገርኩት፤ አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ነው። “አክስትሽ ሥራ ይፈልጋሉ?” አለኝ።

ለጥያቄዎ፦ ፕሮግራሙ ውስጥ ጊዜ ቆጣሪ የሚባል ነገር አለ። “በየአምስት ሰከንዱ ከዚህ ሳጥን አንድ ቀንስ” ይበሉት፤ እስኪያስቆሙት ይቀንሳል። ማስቆሚያውን ግን አይርሱ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ደግሞ ቁጥሩን ከደበቁት ምልክት ይስጡ። ተጫዋች ምልክት ሳያይ ከተሸነፈ ተታለልኩ ብሎ ይተወዋል። ምልክቱ ከፊቱ ኖሮ ሳያስተውል ከተሸነፈ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ሰዓቱን ረሱት መሰለኝ። ቅጹ አሁንም ባዶ ነው።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 11

ለጭራሮዬ፤

ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ሦስቱንም ክፍሎች ኬብል በኮምፒውተር ልኮልሻል። ሦስተኛውን ለተማሪዎቹ አልሰጠሁም፤ አንቺ ብቻ እይው። እንደ ሥራሽ ፈትኚልኝ። አትራሪልኝ።

አክስትሽ


የካቲት 17

ለአክስቴ፤

እጅዎ ይባረክ። ቅዳሜን ሙሉ ከእርስዎ ጌም ጋር ዋልኩ። እንዳሉኝ ሳልራራ እጽፋለሁ።

አንደኛ ክፍል፦ ጥሩ ነው። ውሃውን ዘጠኝ ጊዜ ብሰጣት ዘጠኙንም ትጠጣለች፤ ገደብ ያብጁለት። በመሳቢያው ውስጥ ማለፍ ይቻላል፤ ጠጣር አላደረጉትም።

ሁለተኛ ክፍል፦ ሕፃኑ ሲያለቅስ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ምንም አይንኩት።

ሦስተኛ ክፍል፦ አርባ አንድ ጊዜ ተጫወትኩት። ሕፃኗ በደህና ትወለዳለች፣ ታለቅሳለች። ከዚያ በኋላ ያ የደበቁት ቁጥር መቀነስ ይጀምራል። ኮዱን ከፍቼ አየሁት፤ ሳጥኑን “ደም” ብለው ሰይመውታል። ማህፀኗን ባሸው ቅነሳው ይዘገያል እንጂ አይቆምም። መርፌውን ብወጋት ይዘገያል፣ አይቆምም። ጨርቁን ብቀይር ምንም ለውጥ የለም። “መኪና ጥሪ” የሚለውን ስነካ “መኪናው የለም” ይላል፤ መጀመሪያ ላይም ብነካው፣ መጨረሻ ላይም ብነካው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሁልጊዜ ከስምንት ሰዓት ከአሥር ይጀምርና አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ይቆማል። ሴትዮዋ አርባ አንዱንም ጊዜ ሞተች።

ማስቆሚያውን ረስተውት ነው ብዬ ፈለግኩ። አልረሱትም፤ ጨርሶ አልጻፉትም። በሥራዬ እንዲህ ያለውን “ስህተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ?” ብለን እንጠይቃለን። እኔም እጠይቅዎታለሁ።

አክስቴ፣ ይህቺ ሴት ማናት?

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 20

ለአክስቴ፤

ከአንድ ወር በላይ ሆነ። መታመምዎን ፈርቼ ለኬብል ጻፍኩለት፤ ደህና ናቸው፣ በየቀኑ ያስተምራሉ አለኝ። ትናንት አባባን በስልክ ስለ ሦስተኛው ክፍል ነገርኩት።  ከዚያ “አክስትሽን ጠይቂያት፤ እሷ ትንገርሽ” አለኝ።

አልተናደድኩም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 3

ለእህቴ ልጅ፤

ይህን ደብዳቤ በመቀመጥም በመቆምም ሞከርኩት፤ በሁለቱም ይከብዳል። ስለዚህ እንደ በሽተኛ ታሪክ በተርታ እጽፍልሻለሁ።

የተወለድሽው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። በእኔ እጅ ነው። ቦታው ያኔ እሠራበት የነበረው ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ መኪና፣ አንድ ሾፌር። እናትሽ ሌላ ቦታ አልወልድም፣ ከእህቴ እጅ ነው የምወልደው ብላ መጣች። አባትሽ ሥራ ላይ ነበር። ምጡ ቀላል ነበር፤ አንቺም ወዲያው አለቀስሽ። ቀጭን ነበርሽ፤ እናትሽ አየችሽና “ጭራሮ ናት እኮ” አለች። ስሙን ያወጣችልሽ እሷ ናት።

እንግዴ ልጁ ወጣ። አየሁት፤ ሙሉ መሰለኝ። ቁራሽ ቀርቶ ነበር። ደሙ ትንሽ ትንሽ ይወርድ ነበር እንጂ አልጎረፈም። ልጄ፣ የሚጎርፍ ደም ሰውን ያስጮኻል፤ ሁሉም ይሮጣል። ቀስ የሚል ደም ግን ያታልላል። አሁን ይቆማል አልኩ። አሸሁላት፤ ቀነሰ። መርፌ ወጋኋት፤ ቀነሰ። በቀነሰ ቁጥር ቆመ እላለሁ። ጨርቅ እቀይር ነበር፤ ስንት እንደቀየርኩ ግን አልቆጠርኩም።

ስምንት ተኩል ላይ በመስኮት ስመለከት ሾፌሩ በር ላይ የመኪናውን መስታወት ያጥብ ነበር። ይህንን እስከ ዛሬ አየዋለሁ። ልጥራው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ የራሷን እህት ስታይ ደነገጠች ይሉኛል፣ መኪና በከንቱ አስወጣች ይሉኛል ብዬ ተውኩት። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ እግሩ የተሰበረ ሰው መጣና መኪናው ይዞት ሄደ።

ከዚያ እናትሽ በረደኝ አለችኝ። ቀኑ ሞቃት ነበር። ብርድ ልብስ ደረብኩላት። ያ ብርድ የደም ማለቅ ምልክት መሆኑን የማውቅ አዋላጅ ሆኜ ሳለ ብርድ ልብስ ደረብኩላት። መኪናውን የጠራሁት ዘጠኝ ከሃያ ላይ ነው። “የለም” አሉኝ። ሌላው ጌሙ ውስጥ አለ።

እናትሽ የሞተችው በትኩሳት ነው ብለን የነገርንሽ አባትሽ ስላሰበልሽ ነው። “ልደቷ በመጣ ቁጥር ራሷን እንዳትከስ” አለ። እኔም ተስማማሁ። የእኔ ምክንያት ግን የእሱ ዓይነት አልነበረም። እኔ የፈራሁት ለራሴ ነው።

ጌሙን የጀመርኩት ለተማሪዎቹ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ሳጥኑን ስማር ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ያን ቀን ሁሉንም እንደነበረ ባስቀምጠው፣ ደግሜ ደጋግሜ ብሞክረው፣ አንድ መንገድ ይገኝ ይሆን አልኩ። ሠርቼ ስጨርስ አልተገኘም። መንገዱን የምሠራው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልሠራሁትም። እጄ እምቢ አለ።

ለአንቺ የላክሁት በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው።

አክስትሽ


ሚያዝያ 14

ለአክስቴ፤

ሰላም ይሁኑ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የምሳ ሰዓት ነበር። ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ወጥቼ ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ ጎረቤቴ ካፖርቴን ይዞልኝ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

ባለፈው አልተናደድኩም ያልኩት ሳላውቅ ነው። ተናድጃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት “ትኩሳት” የሚለውን ቃል ተሸክሜ ኖሬያለሁ። ልጅ ሆኜ ሰውነቴ በሞቀ ቁጥር ተራዬ ደረሰ እል ነበር። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ስሜን ማን እንዳወጣልኝም የነገረኝ አልነበረም፤ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

አራት ቀን ቆይቼ ሦስተኛውን ክፍል እንደገና ከፈትኩት። ማን እንደሆነች አውቄ ስጫወት አልቻልኩም፤ ዘጋሁት። በማግስቱ እንደ ሥራዬ ቆጥሬ ከፈትኩት። የእርስዎን ደብዳቤ በግራ፣ ጌሙን በቀኝ አድርጌ መስመር በመስመር አስተያየሁ። ስህተት አግኝቻለሁ።

ስህተቱ ሴትዮዋ መሞቷ አይደለም። ስህተቱ መኪናው ነው። በጌሙ ውስጥ መኪናው በማንኛውም ሰዓት “የለም” ይላል። በደብዳቤዎ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ድረስ በር ላይ ቆሟል። እንደነበረ አስቀመጥኩት ብለዋል፤ እንደነበረ አላስቀመጡትም። ከነበረው ይበልጥ ጨክነው በራስዎ ላይ ነው የሠሩት። ተማሪ ይህንን ብትጫወት የምትማረው ምንም ብታደርግ ከንቱ መሆኑን ነው። እርስዎ ማስተማር የፈለጉት ይህን ነው?

ሁለተኛ፣ ጨርቆቹን ይቁጠሯቸው። ተጫዋቿ የጣለችው ጨርቅ እንዳይጠፋ፤ ወለሉ ላይ ይከመር። ምልክቱ እሱ ይሁን።

እኔ ብጽፈው አንድ መስመር ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ግን አልጽፈውም። እርስዎ ይጻፉት።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 9

ለጭራሮዬ፤

የእናትሽ ልጅ ሆይ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፤ የጎደለብሽን ሁሉ ከማላውቀው ቦታ ያሟላልሽ። ቁጣሽን ተቀብያለሁ። መቆጣት ይገባሻል፤ ጥፋቱ በእርግጥም የእኔ ነው።

ያቺ አንድ መስመር ሦስት ሳምንት ፈጀችብኝ። “ሰዓቱ ከዘጠኝ ከአምስት በፊት ከሆነ መኪናው አለ” ብሎ መጻፍ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ቁጭ እላለሁ፣ ኮምፒውተሩ ያጓራል፣ እነሣለሁ። ኬብል አንድ ቀን “እትዬ፣ ተበላሸ እንዴ?” አለኝ። አልተበላሸም አልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ከትምህርት በኋላ ጻፍኩት።

ከዚያ ራሴ ተጫወትኩት። ሕፃኗ አለቀሰች። አንደኛው ጨርቅ፣ ሁለተኛው ጨርቅ። ሦስተኛው ወለሉ ላይ ሲወድቅ መኪናውን ጠራሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። “መኪናው በር ላይ ነው” የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ግን ሰው የነገረኝ ያህል ደነገጥኩ። ሴትዮዋን ይዘዋት ወጡ። ክፍሉ ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አላውቅምና ምንም አልሠራሁም፤ ባዶው አልጋ ስክሪኑ ላይ ቆሞ ቀረ። እኔም እያየሁት ብዙ ተቀመጥኩ።

ባዶነቱ ሲከብደኝ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄድኩ። እዚያ ያለች አንዲት ሐኪም አገኘሁና እንዲህ ያለች ሴት ብትመጣላችሁ ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ጠየቅኋት። በሽተኛዋ የት አለች አለችኝ፤ ጌም እየሠራሁ ነው አልኳት። አንዴ አየችኝና ወንበር ሳበችልኝ። ደም እንዴት እንደሚሰጡ፣ የቀረውን ቁራሽ እንዴት እንደሚያወጡ፣ ስንት ሰዓት ላይ ከደረሰች ምን ያህል ዕድል እንዳላት አንድ በአንድ ነገረችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ነበር። ስምንት ተኩል ላይ ብትነሣ ትድን ነበር ወይ ብዬ በቀጥታ ጠየቅኋት። “ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ሁሉም አይደሉም” አለችኝ። መልሱ ያ ነው። አራተኛውን ክፍል እሷ በነገረችኝ መሠረት ሠርቻለሁ፤ አንዳንዴ ትድናለች፣ አንዳንዴ አትድንም። ዘግይተሽ ከላክሻት ግን ዕድሏ በየጨርቁ ይቀንሳል።

ሦስተኛውን ክፍል ከአራተኛው ጋር አያይዤ ለተማሪዎቹ ሰጠሁ። የመጀመሪያ ቀን አንዷም አላዳነቻትም። አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። እየተቆጡ እንደገና ጀመሩ። በሁለተኛው ቀን ጨርቅ መቁጠር ጀመሩ፤ በሦስተኛው ቀን ጮክ ብለው ይቆጥሩ ነበር፤ ከኮሪደር የሚያልፈው ሁሉ ምን ገበያ ነው ይል ነበር። ያቺ ሴት ማን እንደሆነች አልነገርኳቸውም። አንድ ቀን እነግራቸው ይሆናል፤ ካልፈቀድሽ ግን አይሆንም።

አሁን ባለፈው ሰኞ የሆነውን ልንገርሽ። ግራኟ ለልምምድ ከከተማ ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ተመድባለች። አንዲት እናት በደህና ወለደች፤ ከዚያ ደም ትንሽ ትንሽ ይወርድ ጀመር። ግራኟ ሦስት ጨርቅ ቆጠረች። አለቃዋ ትንሽ ጠብቂ፣ ይቆማል አሏት። እሷ ግን ወጥታ መኪናውን ጠራች። ሴትዮዋን ወሰዷት። ሆስፒታል ሲደርሱ ደሙ በራሱ ቆሞ ነበር፤ አዩአት፣ ምንም የለብሽም ብለው በማግስቱ በዚያው መኪና መለሷት። አለቃዋ ተቆጡ። ሾፌሩ በከንቱ ስላለቀው ነዳጅ አጉረመረመ።

ትናንት መጣች። በሩ ላይ ቆማ አንገቷን ደፋች፤ ከላስቲክ አሻንጉሊቱ ፊት እንደምትቆመው።

“እትዬ፣ መኪናውን በከንቱ አስወጣሁት” አለችኝ።

አጠገቤ አስቀመጥኳት። ስለ ሴትዮዋ ጠየቅኋት፤ ደህና ናት፣ ልጇን ታጠባለች አለችኝ። ስለ ሾፌሩ ጠየቅኋት፤ አሁንም ያጉረመርማል አለችኝ።

“ያጉርምርም” አልኳት።

አክስትሽ